ተረቱን መልሱ

ልጆቼ፣ አያቶቻችን ተረት ሲያወሩ አጥር አጥረው ነበር የሚያወሩት። «ተረት ተረት» ይላሉ፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ከዚያች ቃል ጀምሮ ጅብ መናገር፣ ጦጣ በዳኝነት መቀመጥ፣ አህያም ከአንበሳ ጋር እርሻ መጋራት ይፈቀድላቸዋል፤ እንዴት ሆኖ ብሎ የሚሟገት የለም። ወሬው ሲያልቅ ደግሞ ተራቹ ዝም ብሎ አይነሣም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ የሰጠውን መልሶ ይጠይቃል። ልጁም ተረቱን ይመልስና ምክሩን ይዞ ይተኛል። በማግሥቱ ከብት ሲጠብቅ ጅብ ቢያይ ሊያነጋግረው አይሞክርም፤ ይጮኻል፣ ድንጋይ ያነሣል።

ዛሬ የሚያወራልን ብዙ ነው። ልብ ወለዱ ያወራል፣ ፊልሙ ያወራል፣ በየእጃችን የያዝነው ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ያወራል። ተረቴን መልሱ የሚል ግን አንድም የለም። ስለዚህ የሰማነውን ሁሉ ይዘን እንቀራለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ተረቱን እንደ ታሪክ፣ ልብ ወለዱን እንደ ምስክር፣ ፊልሙንም በዓይናችን እንዳየነው ነገር ይዘን አደባባይ እንወጣለን። ከዚያም እንጣላለን። ዛሬ ላዋያችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ የሽማግሌ ወሬ እንደሆነ በረካው ሳይጠጣ አያልቅም።

አስቀድሜ ግን ልብ ወለድ አታንብቡ፣ ፊልም አትዩ የሚል ሽማግሌ እንዳልሆንኩ እወቁልኝ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው ጆሮዬን ለጥፌ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ለሰብለ ወንጌል ሆዱ ያልባባ አድማጭም አላውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከባለታሪኮቹ አንዱ፣ ጉዱ ካሣ፣ ደራሲው በብዕራቸው የፈጠሩት ሰው ነው። ይሁን እንጂ የባላባቱን ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ የሚነቅፍ ሰው ምን እንደሚደርስበት፣ ዘመድ እንዴት እብድ ነው እንደሚለው፣ ከጉዱ ካሣ አብልጦ ያስረዳኝ የታሪክ መጽሐፍ አላገኘሁም። ልብ ወለድ የራሱ እውነት አለው። ክፋቱ የሚመጣው የአንዱን እውነት በሌላው ችሎት ምስክር አድርገን ስናቆመው ነው።

ለዚህ ነገር ከዐፄ ቴዎድሮስ የተሻለ አብነት የለኝም። ታሪክ አላቸው፣ ትንቢት አላቸው፣ ቴአትርና ልብ ወለድ አላቸው፤ መልካቸው በየታክሲው መስታወት ላይ ተለጥፏል። እስኪ ከሥሩ እንነሣ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ ሞተበት፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግራ ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጠች እያሉ ጠላቶቹ ሲሰድቡት ኖሩ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፤ ንጉሡ ግን የሚያዝዘው የለውም፤ ጉልበት ያለው ሁሉ አገሩን ተቀራምቶ ይዟል። እንዲህ ያለ ዘመን ሰውን ትንቢት ያስናፍቃል። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ እንደሚነሣ፣ በዘመኑም ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ተጽፏል። በዚህ ስም የነገሠ ሰው በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነበረ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ሕዝቡም ተስፋውን ለሚመጣው አቆየው። ካሣ በልጅነቱ ገዳም ገብቶ የተማረ ሰው ነው፤ ይህን ሳይሰማ አላደገም። ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሣና በ1847 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ደረስጌ ማርያም ላይ ቀቡት። ያን ጊዜ ካሣ የሚለውን ስም ትቶ ቴዎድሮስ ተባለ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እሳቸው ልበላቸው፤ ዘውድ ተደፍቷል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው ትንቢቱን ሰምተው ዝም አላሉም፣ ለበሱት። ትንቢት የለበሰ ሰው ብርቱ ይሆናል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዘመነ መሳፍንትን የሰበሩት በዚያ ብርታት ነው። ወታደሩ የገበሬውን ጎተራ እየገለበጠ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጡለት አሰቡ፤ የባሪያ ንግድ ይቅር ብለው አወጁ፤ ጋፋት ላይ መድፍ አስቀለጡ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቄስና 3 ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለሚገብር ሰው ይሰጥ ብለው ከካህናቱ ጋር ተጋጩ። አሳባቸው ከዘመናቸው ቀድሞ የሮጠ ነበር፤ እሳቸውም አብረውት ሮጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ግን ለንጉሥም ጭምር ነው። እኔ ሳስበው ትንቢት የለበሰ ሰው መታገሥ ይቸግረዋል። የሚቃወመውን ሰው የራሱ ጉዳይና የራሱ ብሶት ያለው አድርጎ አያየውም፤ ከፈጣሪ ፈቃድ ጋር የተጣላ ይመስለዋል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሽምግልና አይቀመጡም።

እኔ ያደግሁት ሁለት ቴዎድሮስ ባሉበት ቤት ነው። የአባቴ ወገኖች ስማቸው ሲነሣ ይፎክራሉ፤ አባ ታጠቅ እያሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሯቸዋል። የእናቴ እናት ግን የጎንደር ካህናት ልጅ ነበረች፤ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ታማትባለች። እሷ ከእናቷ የሰማችው ታቦት ይዞ በጭስ መካከል ስለ መሮጥ ነው። አባቴ ሲፎክር አንገቷን ደፍታ ጥጧን ትፈትላለች። ሲያበቃ እንዝርቷን ታስቀምጥና፣ «ጨረሱ?» ትለዋለች፤ አማትና አማች ናቸውና አንቱ ይባባላሉ። «እንግዲህ የተቃጠለውን ደግሞ እኔ ልቁጠር።» ከዚያ የአብያተ ክርስቲያናቱን ስም አንድ በአንድ በጣቷ ትቆጥራለች። አባቴ አይከራከራትም፤ ጠላውን ይጎነጫል። እኔ ሁለቱንም እየሰማሁ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው መሆኑ እየገረመኝ አደግሁ።

አባቴ የሚወደው የኮሶውን ነገር ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባል መኮንን ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ፎከረ፤ ጦርነቱ ሲሆን የተያዘው እሱ ራሱ ሆነ። ካሣም እናቴ ኮሶዋ ሳይሸጥላት ቀርቷል ብሎ፣ ለምርኮኛው ኮሶ እየበጠበጠ አስጋተው ይባላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እያለ የሚጨምርም አይጠፋም። እኔም እስቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ያስቀኛል። ግን ኮሶ ጠጥታችሁ የምታውቁ እናንተ ፍረዱ። ለኮሶ ትል ብለን በራሳችን ፈቃድ የምንጠጣው አንድ ዋንጫ ሆድ ያላቅቃል፤ ጉልበት ያብረከርካል። እጁ ታስሮ እየደጋገመ የተጋተ ሰው ምን ሆኖ ይሆን? ሳቁ ሲያልፍ የሚታየኝ በእናቱ የተሰደበ፣ ልቡ የቆሰለ ወጣት ነው፤ ቁስሉ ሳይሽር ሥልጣን ያገኘ። ያው ነገር በጨዋታ መካከል ሲወራ ይጣፍጣል፤ በመጽሐፍ ሲነበብ ያስፈራል። ሁለቱንም ሳያስተውል የሳቀ ሰው ገና ተረቱን አልመለሰም።

በ1859 ዓ.ም. አያቴ የምትቆጥረው እሳት መጣ። ያን ጊዜ ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ነው፤ ምኒልክ ታስረው ከነበሩበት ከንጉሡ አምባ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገብተዋል፤ ላስታን ዋግ ሹም ጎበዜ ይዘዋል። ወታደሩ እየከዳ ሠራዊቱ ሳስቷል። ንጉሡም የነገሥታቱን ከተማ ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። ይህን ዘመን የመዘገቡ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉን። አለቃ ዘነብ ንጉሡን ያደንቃል፤ አማርኛውም ይጣፍጣል፤ ያው መጽሐፈ ጨዋታን የጻፈው ዘነብ ነው፣ ለዛ አያልቅበትም። ትረካው ግን ክፉው ዘመን ሳይደርስ ይቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም በአንጻሩ የአቡነ ሰላማ ወገን ነው፤ አቡኑም መቅደላ ላይ ታስረው እንዳሉ ነው የሞቱት፤ ስለዚህ ብዕሩ መራራ ነው። ዘነብን ብቻ ያነበበ የአባቴን ፉከራ ይወርሳል፤ ወልደ ማርያምን ብቻ ያነበበ የአያቴን እንባ። ሁለት ጎረቤት በድንበር ሲጣላ ሽማግሌ አንዱን ብቻ ይዞ ማሳውን አይዞርም፤ ሁለቱንም ፊትና ኋላ አድርጎ፣ የቀድሞው ድንጋይ የት ነበር እያለ እያንዳንዱን ጠርዝ በእግሩ ይረግጣል እንጂ። ታሪክ የሚነበበውም እንዲሁ ነው። አድካሚ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል። ቴዎድሮስም ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ደራስያን አነሡአቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ለመድረክ ጻፉላቸው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ እንባን፣ አቤ ጉበኛ አንድ ለናቱን አወጡ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቴአትር ሠራላቸው። እነዚህን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ፤ ደጋግሜም አንብቤአቸዋለሁ። ግን መቼ እንደተጻፉ ልብ በሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ የዘር ሐረግ ዙፋን በሚጠብቅበት ዘመን፣ የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብሎ የተሰደበን ሰው ጀግና አድርጎ ማቆም ራሱ አንድ ንግግር ነበር። ደራሲ በሞተው ንጉሥ አፍ ስላለው ዘመን ይናገራል፤ ነፃነቱም ጥበቡም እዚያ ነው። ብርሃኑ የንጉሡን እንባ ሲጽፍ ድንኳኑ ውስጥ ማን ቆሞ አየ ብለን አንጠይቀውም። እንባውን ይዘን ሄደን ግን «ንጉሡ እንዲህ ብለው ነበር» ብለን በታሪክ ሙግት ላይ የምንጠቅሰው ከሆነ በደራሲውም በንጉሡም ላይ ግፍ ሠራን። የአንዱን ፈጠራ አዋረድን፣ በሌላው አፍ ያልተናገረውን ቃል አስገባን።

ፍጻሜውን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአጭሩ ልለፈው። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነውና ተናቅሁ አሉ፤ የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎች ፈረንጆችን አሰሩ። ጄኔራል ናፒየር ዝሆን ሳይቀር ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር እስከ መቅደላ ወጣ። በስቅለት ዕለት እሮጌ ሜዳ ላይ ወደ 700 የሚጠጋ የንጉሡ ወታደር ወደቀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ፣ ቴዎድሮስ ንግሥቲቱ ቀድሞ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እጃቸውን አልሰጡም። ይህ ክብር የሳቸው ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም። በዚያው ሳምንት ግን ብዙ እስረኞች በትእዛዛቸው ከመቅደላ ገደል ተወርውረዋል። የመጀመሪያውን የሚያሳይ ሥዕል በየቤቱ ተሰቅሏል፤ ሁለተኛውን የሚያወራ ጥቂት ነው። የኔ ልመና ሁለቱ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሰው እጅ እንደሆኑ አብራችሁ እንድትይዙት ነው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ አንተም ምሳር ልታነሣ ነው ወይ የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። የወደቀውን ዛፍ ቁመት ለመለካት ዞሮ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚከነክነኝ የእነሱ ነገር ነው። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ የብራና መጽሐፍ ሰብስበው ነበር፤ የሚበዛው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰደ ነው። መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ወታደር አምባውን ዘረፈው። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ ይባላል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ 2 ቀን ሙሉ ሐራጅ አወጡት። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ገንዘብ ይዞ ተጫርቶ ለሙዚየሙ ገዛ፤ ዛሬ ከ300 በላይ የሚሆኑት ሎንዶን ናቸው። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ሥዕል ግን ሆልምስ ለራሱ አስቀረው።

እንግሊዝ ይመልስ ስንል እውነት አለን። እኔም እላለሁ፤ እስክሞትም እላለሁ። ነገር ግን ሎንዶን ያለ አንድ የብራና መጽሐፍ አፍ ቢኖረው ከየት ተወሰድክ ቢሉት መቅደላን ብቻ አይጠራም፤ ከዚያ በፊት የነበረበትን የጎንደር ደብር፣ የተቃጠለውን ዕቃ ቤት፣ ያለቀሰውን መሪጌታ ይጠራል። በዘረፋ ላይ ዘረፋ ነው የደረሰበት። የሁለተኛውን ዘራፊ ስም ጮክ ብለን እየጠራን የመጀመሪያውን ዝም ካልን፣ የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ያለው ሰው ከእኛ በምን ይለያል? አያቴ ብትኖር ይህን ነበር የምትጠይቀኝ፤ እንዝርቷን አስቀምጣ።

ከተወሰዱት መጻሕፍት አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን እንደሄደች፣ ቀዳማዊ ምኒልክን እንደወለደች፣ ታቦተ ጽዮንም ወደ እኛ እንደመጣች የሚተርከው ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጻፉ፤ ያ መጽሐፍ ካልተመለሰልኝ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም አሉ። ተመለሰላቸውም። አስቡት፤ ይህን ልመና የሚጽፈው መድፍና ጠመንጃ ያለው ንጉሥ ነው፤ የሚለምነውም መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ተረት ነው፣ አፈ ታሪክ ነው ብላችሁ የምትንቁ ልጆች ተጠንቀቁ። ከሰው ልብ ውስጥ የገባ ትረካ አገር ያቆማል። ግን ደግሞ ሌላውን ጎኑን እዩ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ላይ ያው ትረካ ሕግ ሆኖ ሰፈረ፤ የንጉሡ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የወረደ ነው ተብሎ ተጻፈ። ክብረ ነገሥት ሆኖ ሳለ ያምር ነበር፣ ይዘመር ነበር፣ ይተረጎም ነበር። አንቀጽ ሲሆን ግን ማስረጃ አምጣ የሚባል ነገር ሆነ። ተማሪውም አምጣ አለ። ከዚያ በኋላ ዙፋኑ ሃያ ዓመት እንኳ አልቆየም። የተረት ቦታ ልብ ነው፤ አንቀጽ ሲያደርጉት ለእሱም ለአገሩም አይበጅም።

ስለ ፊልም ትንሽ ልጨምር፤ ወጣቶቹ የምትጠብቁት እሱን ነው። ከሁሉም ትረካ ፊልም ተረቱን ለመመለስ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ዓይን አየሁ ይላል። ሰው ሰማሁ ብሎ ይጠራጠራል፣ አየሁ ብሎ ግን አይጠራጠርም። ስለ ቴዎድሮስ መልክ አስቡ። ሹሩባ የተሠራው፣ ዓይኑ የሚያስፈራው፣ ሁላችን የምናውቀው ያ ሥዕል የሠዓሊ ግምት ነው። ከአስከሬናቸው ፊት ቁጭ ብሎ መልካቸውን በእርሳስ የሣለው ያው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። ፎቶግራፍ የተነሣው ልጃቸው ዓለማየሁ ነው። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞታ ጨለቆት ተቀበረች። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ካነሣቻቸው ሥዕሎች በአንዱ፣ የልጁ ሞግዚት የሆነው እንግሊዛዊ ካፒቴን ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ አጊጦ ተቀምጧል። ፎቶግራፍ አይዋሽም የሚል ሰው ያን ሥዕል ይመልከት። ካሜራ ፊት የቆመው ሁሉ ተረት ለብሶ ነው የሚቆመው።

እንዲህ ስል ጥሩ ፊልም የለም ማለቴ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጤዛ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ በተከታዩ ዓመትም ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። እኔ የወደድኩት ግን በሽልማቱ አይደለም። ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ ዘመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል። እናቱ አርጅታለች፤ የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ያለፈው ነገር ሁሉ ትዝ የሚለው ተቆራርጦ ነው፤ ገሚሱ ሕልም ይሁን ትዝታ እሱም አይለየውም። ፊልሙ ይህ ነው የደርግ ታሪክ፣ ተቀበሉኝ አይልም። አንድ የቆሰለ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ያህል ነው ይላል። እንዲህ ያለ ተራች ሳይጠየቅ ተረቱን ይመልስላችኋል። ደረቱን ነፍቶ፣ ነጋሪት አስጎስሞ፣ ሁሉ ነገር እንዲህ ነበር የሚለውን ግን ጠርጥሩት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የምፈራውን በግልጽ ልንገራችሁ። ቴዎድሮስ ትንቢት ለበሱ፤ እናንተ ደግሞ ቴዎድሮስን ለበሳችሁ። በካናቴራ ብትለብሱት ግድ የለኝም፤ ያምርባችኋል። በልባችሁ ስትለብሱት ግን፣ ከፊታችሁ የቆመው ሰው አያቱ ጎንደር የተቃጠለባት፣ ወይም ቴዎድሮስ ወሎ ላይ ሲዘምቱ ዘመዱ ያለቀበት እንደሆነ መስማት ያቅታችኋል። ዋሽንግተንም ይሁን ሎንዶን ወይም አዲስ አበባ፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር በሞቱ ነገሥታት ምክንያት ወንድማማች ሲኮራረፍ አይቻለሁ። አንዱ ከመጽሐፍ የጠቀሰ ይመስለዋል፣ የሚጠቅሰው ቴአትር ነው። ሌላው የአያቱን እንባ ያመጣል፣ እንባውን የሚቀበለው የለም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ይህች አገር ግን መከራው ብዙ መክሯታል፣ እኛ እንኳ አንጨምርባት።

በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ሥራ ልስጥ። የዓለማየሁ መቃብር ዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ በ18 ዓመቱ ነው የሞተው። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም ብሏል። እንግሊዝ ያላችሁ ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፤ ይዩት፣ ይጸልዩለት፣ ይቆጡም። ሲመለሱ ግን ቁጣው ላይ አታሳድሯቸው። ማታ ቤት ስትገቡ አባትዬውም እናትዬዋም ከልጁ ጋር ተቀመጡ። ዛሬ ያየኸው የትኛው ነው፣ የሰማኸውስ የትኛው፣ ከፊልም ላይ ያገኘኸው የትኛው ነው ብላችሁ አንድ በአንድ አስለዩት። ኮሶውንም ገደሉንም፣ ደብዳቤውንም እሳቱንም ንገሩት፤ ልጅ ነው አይችለውም አትበሉ፣ ዓለማየሁም ልጅ ነበር። ታዲያ ጀግና ነበሩ ወይስ ክፉ ብሎ ሲጠይቃችሁ ለመልሱ አትቸኩሉ። ዘነብንም ወልደ ማርያምንም ፈልጉለት፤ አማርኛው ከከበደው እናንተ እያነበባችሁ ተርጉሙለት፣ አንዱን ማታ፣ ሌላውን በማግሥቱ። ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ጣቱን አስይዙትና ለምን እንደተለያዩ እሱ ራሱ ይንገራችሁ።